የገና ቅልጥም

ለጉልበቱ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው መደቤ ፊት ሲቆም ዛሬም ደሜ ይፈላል። በሰውየው አይደለም፤ በራሴ ነው።

ሰቆጣ ገበያ ላይ ቅመም ስሸጥ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጥቁር አዝሙዱ፣ አብሹ፣ ፌጦው፣ ዝንጅብሉ፣ እርዱ፣ ተልባው በየከረጢቱ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል፤ እኔም ከኋላው አፌን ከፍቼ ስመክር ኖሬያለሁ። "ቁርጥማት ነው? ፌጦውን ወቅጠሽ በሎሚ ለውሺው። እብጠት አለው? አብሹን ዘፍዝፈሽ አሳድሪና በጠዋት ጠጪው። መገጣጠሚያ ነው የሚያምዎት? ዝንጅብልና እርድ በነጭ ማር።" ማንም አላስተማረኝም። ከአንዱ ገዢ የሰማሁትን ለሌላው እነግራለሁ፤ እሱ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ጎረቤቱ ገበያ ሲወጣ መልሶ ለእኔ ይነግረኛል፤ ያኔ "አያችሁ፣ እውነት ነው!" እላለሁ። በመጨረሻ ሁልጊዜ የምጨምራት አንዲት ምክር ነበረችኝ። "ከሁሉም ከሁሉም ግን የቅልጥም መረቅ! አጥንትን የሚጠግነው አጥንት ነው።" ቅልጥም ስለማልሸጥ ሰው ይህችን ምክሬን ከሌላው ሁሉ አብልጦ ያምናት ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው። ደብራቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚያስኬድ ጉብታ ላይ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ዘንድ ይኖራሉ እንጂ ልባቸው እዚያው ነው። በየዓመቱ ለከተራ ታቦቱን በራሳቸው አክብረው ከደብሩ እስከ ወንዙ የሚወርዱት፣ በማግስቱም ለጥምቀት ሽቅብ የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ። ጸጉራቸው ጥቁር ሳለ የጀመሩት ነው። ቁልቁለቱ ለፍየል እንኳ አይመችም። ታቦት ያከበረ ካህን ደግሞ እንደ ልቡ ጎንበስ ብሎ እግሩን አያይም። ስለዚህ አባቴ ኅዳር ሲገባ ጀምረው ቅዳሜ ቅዳሜ ያን መንገድ ይመላለሱና ክረምት ያንከባለለውን ድንጋይ በመቋሚያቸው እየገፉ ያጸዳሉ። የትኛው ድንጋይ እንደሚነቃነቅ፣ የትኛው በጤዛ እንደሚያንሸራትት በቃላቸው ይዘውታል። ሌላ የሚመኩበት ነገር አላየሁባቸውም። ሀብት የላቸው፤ ዜማቸውም እንደ ነገሩ ነው። ያቺ መንገድ ግን የእሳቸው ነበረች።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ገና ከዋለ ሳምንት ሳይሞላው፣ ቀኝ ጉልበታቸው አበጠ። እብጠት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ቆዳው ቀላ፤ እንደ ምድጃ ድንጋይ ጋለ፤ ነጠላ እንኳ ሲነካቸው ይጮሁ ጀመር። አባቴ ሲያማቸው የሚያማርሩት በአፍ መፍቻቸው በኽምጣኛ ነው። "ቄስ በኽምጣኛ ያማርራል እንዴ?" ስላቸው፣ "እግዚአብሔር አማርኛውን በቅዳሴ ሰልችቶታል፤ ተይኝ" ይላሉ። በዚያ ዓመት የከተራ ዕለት አልጋ ላይ ዋሉ። በእሳቸው ቦታ ታቦቱን አክብሮ የወረደው እሳቸው ፊደል ያስቆጠሩት አንድ ወጣት ቄስ ነበር። ቆሎ ተማሪ ሳለ ከደጃችን ቁራሽ የሰጠሁት ልጅ ስለሆነ፣ ዛሬ ጥምጥም ቢያስርም "አንተ" ነው የምለው።

በእኛ አገር የታመመ ሰው በባዶ እጅ አይጠየቅም። አንዱ ከጋዝጊብላ ማርና ነጭ ሽንኩርት ይዞ መጣ። አንዷ እናት ጸበልና እምነት አመጡ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ከሰሃላ ድረስ ዋገምት የሚያውቅ ሰውዬ አስከትለው መጡ፤ ሰውየው ቀንዱን ጉልበታቸው ላይ ደፍቶ ደማቸውን ሲመጥ አባቴ የዳዊትን ግማሽ ደገሙ። የጎን ጎረቤቴ ተራዋን ጠብቃ በለስ ይዛ ብቅ አለች። ቅጠሉን እሾሁን ትልጥና፣ ለሁለት ሰንጥቃ፣ በእሳት አሙቃ ጉልበታቸው ላይ ታስራለች። ታዲያ ሁሉም ከመድኃኒቱ ጋር ጠላ ያመጣል፤ ሁሉም "ይቅመሱልኝ" ይላል። አባቴ ደግሞ የሰው እጅ መመለስ አይችሉም። አንድ ጣሳ ለማሩ፣ አንድ ጣሳ ለጸበሉ፣ ሁለት ጣሳ ለቀንዱ።

እንዲህ እንዲህ ስንል ዐቢይ ጾም ገባ። ሥጋው ቀረ፤ ጠያቂውም ጠላውን ይዞ ቀረ፤ እብጠቱም ሟሸሸ። በለሱ የመጨረሻው መድኃኒት ስለነበር ምስጋናውን ሁሉ ጎረቤቴ ጠቅልላ ወሰደች። "የዳኑት በእኔ በለስ ነው!" እያለች ከቤት ቤት አወራች። እኔስ ምን አደረግሁ? አምኜ በበነጋው ለገዢዎቼ በለስ ማዘዝ ጀመርኩ። ወይ እኔ!

በሁለተኛው ዓመት ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። "አባቴን የጣላቸው ጾሙ ነው፤ አርባ ሦስት ቀን ሙሉ ደርቀው ነው ብርዱ የመታቸው። ከገና እስከ ጥምቀት ያለችውን አሥራ ሁለት ቀን በደንብ ከበሉ ታቦቱን አክብረው ይወርዳሉ" ብዬ ለሰው ሁሉ አስረዳሁ። ሰውም ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ ነች አለ።

ሰፈራችን ለገና ቅርጫ ይገባል። በሬ በጋራ ይገዛና ታርዶ በየመደቡ ይከፋፈላል። ቅልጥም ግን ሁሉም ዓይኑን የሚጥልበት ነው፤ በእሱ ምክንያት የተኳረፉ ቤተሰቦች አውቃለሁ። እኔ ታዲያ መደቡ ሲደለደል መሀል ገብቼ ቆምኩና፣ "አፈር ስሆን! ለቄሱ ጉልበት ስትሉ፣ ለታቦቱ ስትሉ ቅልጥሙን ተዉልኝ" አልኩ። ማን እምቢ ይላል? "ለታቦቱ ከሆነማ!" ብለው አራቱንም ቅልጥም ጫኑልኝ። በዚያ ገና ሰፈራችን ውስጥ መቅኒ የመጠጠ ሕፃን የለም። ሁሉም ወደ እኔ ድስት ገባ፤ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ጠዋትና ማታ አባቴን መረቅ አጠጣኋቸው።

ውጤቱስ? ያው ጉልበት መልሶ አበጠ፤ ይግረምሽ ብሎ የግራውም ተከተለው።

በዚያ ሰሞን የደብሩ አስተዳዳሪ ሊጠይቋቸው መጡ። ተቀምጠው፣ ጠላ ቀምሰው፣ ወሬ አብዝተው ሲያበቁ ወደ ነገራቸው ገቡ። "አባ፣ አንድ ዓመት እንጠብቅዎታለን። ለከርሞም ካልተቻለዎት ግን ታቦቱን የሚያከብረው ወጣቱ ይሆናል። በየዓመቱ በመጨረሻ ሰዓት ሰው መፈለግ ከበደን" አሉ። በትሕትና ነው ያሉት፤ ክፋት የለባቸውም። አባቴ "እውነት ነው፤ ታቦቱ ሰው አይጠብቅም" አሉ። አስተዳዳሪው ሲወጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ፤ ምሳም አልበሉልኝ።

ገበያ ላይ ደግሞ መዘባበቻ ሆንኩ። አንዷ ነጋዴ እኔ እየሰማሁ "የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች" አለች። አባቴ እያነከሱ በመደቤ አጠገብ ሲያልፉ ገዢው ዝንጅብሌን እያየ፣ እሳቸውን እያየ ወደ ሌላ መደብ ይሄዳል።

ሦስተኛው ዓመት ደረሰ። የገና ጾም እንደገባ ጉልበታቸው ተፈታ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ተልባ፣ ቆሎ እየበሉ እንደ ጎረምሳ ቀለሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብራቸው እየሄዱ ድንጋይ መግፋት ጀመሩ። "የላይኛው መታጠፊያ ላይ ያለው ዝርግ ድንጋይ ዘንድሮ ለቋል፤ በግራ ነው የሚታለፈው" እያሉ ማታ ራት ላይ ይነግሩኛል። እኔ ምን አገባኝ በግራ ቢታለፍ በቀኝ? ደስታቸው ግን ደስ ይለኛል። "ዘንድሮ ይሳካል፤ እኔም ወገቤን ታጥቄያለሁ" እላቸዋለሁ።

ታጠቅሁም። የቅርጫው ሰዎች ሳልጠይቃቸው አራቱንም ቅልጥም ለይተው ጠበቁኝ። አልበቃኝም ብዬ ከሥጋ ቤት ሁለት ጨመርኩ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ እርዱን፣ መደቤ ላይ ያለውን ሁሉ ደቁሼ ጨመርኩበት። ከቅዳሴ ሲመለሱ በጎድጓዳ ሳህን ሞልቼ፣ ቅቤው ላዩ ላይ ተንሳፎ፣ ፊታቸው አስቀመጥኩ።

አባቴ ሳህኑን አዩት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

"ልጄ" አሉ፣ "ዘንድሮ ይኼ ነገር ቢቀርስ?"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"እንዲያው... ጾሙ ላይ ደህና ነበርኩ።"

"አባ!" አልኩ፤ ድምፄ እስከ ጎረቤት ይሰማል። "ሰፈሩ በሙሉ ከልጆቹ አፍ ነጥቆ የሰጠዎት ነው! እኔ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቼ የጣድኩት ነው! በዚህ ባዶ ሆድዎ ነው ያን ገደል የሚወርዱት? ወይስ ታቦቱን ለልጁ ሊያስረክቡ ነው ሐሳብዎ?"

ይህን የመጨረሻውን ምነው ባልተናገርኩ። አባቴ አማተቡና ሳህኑን አንሥተው ጠጡት። ጨለጡት። ሁለተኛም ቀዳሁላቸው።

በስድስተኛው ቀን የእግራቸው አውራ ጣት ቀላ። በሰባተኛው ጉልበታቸው። በስምንተኛው ቀን መቆም አቃታቸው። ጎረቤቴ በለሷን ይዛ ስትመጣ ደጅ ላይ ጠብቄ "መልሺው!" አልኳት። ያን ቀን የሁሉም መድኃኒት፣ የእኔም ጭምር፣ አንገፈገፈኝ። እኔና እሷ አባቴን ለሁለት ደግፈን ባጃጅ ላይ ጫንንና ሆስፒታል ሄድን።

ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ የእኔ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ጉልበታቸውን አየች፣ አውራ ጣታቸውን አየች፣ ደም አስወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ ወደ እኔ ዞራ "እህቴ፣ ምን ምን ይመገባሉ?" አለችኝ።

እሰይ፣ ጠያቂ ተገኘ! ኮራ ብዬ ዘረዘርኩላት። ቅልጥሙን፣ መረቁን፣ ቅቤውን፣ ጠያቂ የሚያመጣውን ጠላ፣ የደቆስኩትን ቅመም። "አንድ የጎደለባቸው ነገር የለም" አልኳት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ይህ ሪህ ነው" አለች። "ከሥጋና ከመረቅ፣ ከጠላም የሚመጣ ነገር ደማቸው ውስጥ ይበዛና መገጣጠሚያው ላይ እንደ ጨው ይጋገራል። የሚያቃጥላቸው እሱ ነው። በጾም ጊዜ አይሻላቸውም?"

"ይሻለኛል" አሉ አባቴ ከአልጋው ላይ።

"ፍስክ ሲሆን ነው የሚነሣባቸው?"

መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው። "አንቺ ልጅ፣ አገር ሁሉ በቅልጥም ሲድን ኖሯል! እናትሽ አራስ ሳለች ምን ጠጥታ ነው የተነሣችው?" አልኳት። አልተቆጣችም። "ለአራስ ሌላ ነው፤ ለእሳቸው ግን እሳት ነው" አለች። "ዝንጅብሉና እርዱስ?" አልኩ፤ ቢያንስ አንዷን ላድን ብዬ። "ወጥ ውስጥ ይሁን፤ አይከፋም። ይህን በሽታ ግን አያድነውም። ኪኒኑን ይውሰዱ፣ ውኃ በብዛት ይጠጡ፣ ሥጋውንና ጠላውን ይተዉ።"

ባጃጁ ውስጥ አባቴን ደግፌ ተቀምጬ መቁጠር ጀመርኩ። ገና፣ ሥጋና ጠላ፣ እብጠት። ዐቢይ ጾም፣ ሽሮ፣ ደህና። ገና፣ አራት ቅልጥም፣ ሁለት ጉልበት። ጾም፣ ደህና። ገና፣ ስድስት ቅልጥም፣ ይኸው ባጃጅ። ሕፃን የሚቆጥረው ነገር ነው! ሃያ ዓመት ቅመም በጣቴ ቆንጥሬ የመዘንኩ ሴት ይህን ሳልመዝን ቀረሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ተረቱን ለሰው ስተርት ኖሬ ለእኔ ደረሰ።

በዚያ ዓመትም ወጣቱ ቄስ ታቦቱን ይዞ ወረደ። እልልታው ከሩቅ እንኳ አይሰማንም፤ አባቴ ግን ሰዓቱን እያዩ "አሁን መታጠፊያው ጋ ደርሰዋል" ይሉ ነበር። ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። ጠያቂ ሲመጣ ግን ይባስ ብለው ይከላከሉልኛል፤ "እሷ ምን ታድርግ፤ አገሩ የሚያውቀውን ነው ያደረገችልኝ" ይላሉ። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ጠየቅኋቸው።

"ቢቀርስ ሲሉኝ ጠርጥረው ነበር አይደል? ታዲያ ለምን አጥብቀው እምቢ አላሉኝም?"

"ሌሊት ተነሥተሽ የሠራሽውን እንዴት እመልሳለሁ?"

"አባ! ታቦቱ ቀረብዎት እኮ!"

"እሱስ ቀረ" አሉ።

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁና ያን ትልቁን የመረቅ ድስት አንሥቼ ከደጅ ወረወርኩት። ጆሮው ተሰበረ። በኋላ ሄጄ አነሣሁት፤ ድስቱ ምን አደረገ?

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት እንዴት እንደገፋነው እኔ ነኝ የማውቀው። አባቴ "ታቦቱን የሚያስከብረኝ ከሆነ ገለባም እበላለሁ" ብለው ሥጋውንና ጠላውን እርግፍ አድርገው ተዉ። ኪኒናቸውን እንደ ጸሎት ሰዓት አከበሩት። አስተዳዳሪው የተናገሩትን ባይረሱም፣ "ደህና መሆኔን በዓይናቸው ካዩ ይመልሱልኛል" የሚል ተስፋ ነበራቸው። እኔም ተስፋ አደረግሁ፤ ስለትም ለብቻዬ ተሳልኩ።

ያስቸገረን ሰው ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መረቅ በጀሪካን፣ ጠላ በእንስራ ይዞ "ለአባ ጉልበት" እያለ ይመጣል፤ እኔ ደጅ ላይ ቆሜ እመልሳለሁ። "ሐኪም ከልክሎ ነው" ስላቸው "ሐኪም ምን ያውቃል!" ይሉኛል። እኔም እኮ እንዲሁ ብዬ ነበር፤ በምን አፌ ልቆጣቸው? ለገና የቅርጫው ሰዎች እንደ ልማዳቸው ቅልጥሙን ለይተው ሲጠብቁኝ "ዘንድሮ ለልጆቻችሁ ስጡ" አልኳቸው። ተቀየሙ። ሁለት ዓመት ከአፋቸው ነጥቄ የወሰድኩትን ዛሬ ብመልስ ንቀት መሰላቸው። በበነጋው ወሬው ገበያ ቀድሞኝ ደረሰ፤ "አባቷን በገና ቀን ሽሮ አበላቻቸው፤ ለሥጋ ሰስታ ነው" ተባለ። በስመ አብ! እኔ ነኝ ለአባቴ የምሰስት? ያን ቀን ከሁለት ሰው ጋር ተጣላሁ፤ አንደኛዋ እስከ ዛሬ ከእኔ አብሽ አትገዛም።

አባቴ ያን ሽሮ ሲበሉ ዓይናቸው በመስኮቱ በኩል ወደ ጎረቤት ጭስ ይሄድ ነበር። ግን በሉ። አምስተኛው ቀን መጣ፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው። ማታ ማታ ኩራዝ ይዤ ጉልበታቸውን እዳብሳለሁ። "ተይኝ እባክሽ፣ ቅመም አደረግሽኝ እንዴ?" ይሉኛል። ቀዝቃዛ ነው። ስምንተኛው፣ ዘጠነኛውም ቀዝቃዛ ሆኖ አደረ።

የከተራ ዕለት ጠዋት ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ወጡ። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ሄዱ፤ ባጃጅ እንኳ "ለምኔ" አሉ። እኔ ኋላ ኋላ እየተከተልኩ እርምጃቸውን አያለሁ። ማነከስ የሚባል የለም። ደብሩ ስንደርስ ሰው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ ዳኑ!" እያለ ከበባቸው። አስተዳዳሪውም እጃቸውን ጨብጠው ደስታቸውን ገለጹና ጎተት አድርገው ወደ ጥግ ወሰዷቸው።

"አባ፣ ያው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ለልጁ ሰጥተነዋል። እሱም ለምዶታል። እርስዎ እንግዲህ በዕድሜዎ ይረፉ፤ ይባርኩን" አሏቸው።

ጮክ ብዬ "እሳቸው ምንም አላጠፉም! እኔ ነኝ! ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ!" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አባቴ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ነጠላዬን ያዙኝ። "ዝም በይ፤ ታቦቱ ሊወጣ ነው" አሉ።

ታቦቱ ወጣ። ወጣቱ ቄስ አክብሮ በጥላው ሥር ቆመ። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ አባቴን ሲያያቸው ዓይኑን ሰበረ። አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊቱ ሁለት እርምጃ ቀደሙና ቁልቁለቱን ጀመሩት። ሕዝቡ ሲዘምር፣ ከበሮው ሲመታ፣ እኔ ቅርብ ስለነበርኩ የሚሉትን እሰማ ነበር። "በግራ እለፍ፤ ይኼኛው ለቋል። አሁን ቀስ። እዚህ ይንሸራተታል። በርታ።" እስከ ወንዙ ድረስ እንዲያ እያሉ አወረዱት። በማግስቱም እንዲያ እያሉ አወጡት። እኔ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ነበር የተከተልኩት፤ ሰው ለጥምቀቱ በረከት ያለቀስኩ መስሎት "ይድረስሽ" ይለኛል። ምን ልበለው?

የጥምቀት ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤታችን ገባን። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው መደቡ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ፣ አጠፉ፣ መልሰው ዘረጉ። ደህና ነው። ከዚያ አየሩን አሸተቱ።

"ጎረቤትሽ ቤት ቅልጥም ተጥዷል።"

"ተጥዷል" አልኩ።

"ሂጂና ትንሽ መረቅ አስቀጂልኝ።"

"አባ! ምን ነካዎት?"

"ምን ይነካኛል? እስከ ዛሬ የተውኩት ለታቦቱ ብዬ ነው" አሉ፤ ቁጣ እንኳ የለበትም፣ ደክሟቸዋል። "እንግዲህ ይህን ጉልበት ለማን ነው የማስቀምጠው?"

ዓመቱን ሙሉ የዋጥኩት ሁሉ በአንዴ ወጣ። "ለእኔ!" ብዬ ጮህኩ። "ለእኔ ያስቀምጡት! ሲያምዎት የሚያመው ታቦቱን ነው እንዴ? ሌሊት ሲጮሁ የምሰማው ማን ሆነና? እናቴ የለችም፤ እኔ ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ? እኔ አልበቃም?"

አባቴ ደንግጠው አዩኝ። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉት።

"አትጩሂ፤ በዓል ነው" አሉ በመጨረሻ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ "ተልባው አለ?"

"አለ።"

"አምጪ እንግዲህ።"

ተልባውን በጥብጬ፣ ማር ጠብ አድርጌበት በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አማትበው እስከ አተላው ጠጡት። ደስ ብሏቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያንን ሁሉ መረቅ እንደጠጡልኝ ይህንንም የጠጡት እጄን ላለመመለስ ነው። ግድ የለም፤ ይጠጡ።